ተከስተ መጠጥ ካቆመ ወዲህ

ተከስተ መጠጥ ማቆሙ በተሰማ ሰሞን ቂርቆስ ጀርባ ያሉ ጎረቤቶቹ የሚሉት ጠፋቸው። ሰው ሲታመም ይጠየቃል፤ ሲሞትበት ይደረስለታል፤ ሴት ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች። መጠጥ ላቆመ ሰው ምን እንደሚባል ግን የሚያውቅ አልተገኘም። አንዳንዱ «እንኳን ደስ ያለህ» ሊል አፉን ይከፍትና ስድብ እንዳይመስልበት ፈርቶ መልሶ ይዘጋዋል። አንዲት ጎረቤቱማ እጁን ጨብጣ «አይዞህ፣ ያልፋል» ብላው ሄዳለች።

ሊፈረድባቸውም አይገባም። ለሚጠጣ ሰው ስም ሞልቷል። ሞቅ ያለው አለ፣ ጠንበዝ ያለው አለ፣ የለየለት አለ፣ ከነጫማው የሚያድርም አለ። ለማይጠጣው ሰው ግን «አይጠጣም» ከማለት በቀር የተዘጋጀለት ነገር የለም፤ በጎደለው ነገር የሚጠራ ሰው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ተከስተን ሁሉም በየፊናው ሰየመው። የግሮሰሪ ጓደኞቹ «ደረቀ» አሉ፤ የእድሩ ሰዎች «ኮራ» አሉ፤ የንስሐ አባቱ «ልብ ገዛ» አሉ። «ያው ግሮሰሪው ስለፈረሰ ነው» የሚሉም ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ካዛንቺስ የነበረችው የሚያዘወትራት ግሮሰሪ ለልማት ተነስታ ቦታዋ ላይ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ግን ጠጪ ግሮሰሪው ፈረሰ ብሎ አቁሞ አያውቅም፤ ግሮሰሪው ወደሄደበት ይሄዳል እንጂ።

እውነተኛው ምክንያት ቪዲዮ ነው። አንድ የማያውቀው ጎረምሳ በስልኩ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የለቀቀው። ቪዲዮው ላይ ተከስተ አዲስ የተተከለ የመንገድ መብራት ምሰሶ አቅፎ፣ አጠገቡ ካለው አግዳሚ ወንበር ጋር ታረቅ እያለ ይለምነዋል። «አንተ ትልቅ ነህ፣ ቻለው» ይለዋል ምሰሶውን። ጉልበቱን ሊስምለትም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱ የቱ ጋ እንደሆነ ይፈልጋል። ያየ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ተከስተ ራሱ መጀመሪያ ስቆ ነበር። ደጋግሞ ሲያየው ግን ፍርሃት ገባው። ድምፁ የእሱ ነው፤ ኮቱም የእሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ግን አንዲት ቃል አያስታውስም። ሌላ ሰውዬ ገላውን ተውሶ ሲጨፍርበት አምሽቶ፣ ጠዋት ራስ ምታቱን ብቻ ለባለቤቱ እየመለሰ የሚሄድ መሰለው። በዚያው አቆመ።

ማቆሙ ለጉበቱ ጥሩ ቢሆንም ለሥራው አልበጀውም። ተከስተ የቤት ደላላ ነው። ድሮ ሁለት ብሎ ሲሄድ አልጋ የማታስገባዋን ክፍል «ሳሎን» ይላታል፤ ጋራዥ አጠገብ ያለውን ቤት «እንቅስቃሴ ያለበት» ይለዋል፤ ተከራዩም አምኖ ይፈርማል። አሁን በሩን ይከፍትና «ውሃ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ባለቤቷም ትንሽ ነገረኛ ናቸው» ይላል። ይህን ሲል ባለቤቷ እዚያው ጎኑ ቆመዋል።

አርብ ዕለት እህቱ ጽገረዳ መጣች። ታላቁ ናት፤ ስትቆጣም ስትለምንም ቆማ ነው። ልጇ ዘአማኑኤል ሉሊ የምትባል ልጅ ከወደደ ቆይቷል። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ ተከስተ ነው እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው፤ ማለትም ባልሰከረባቸው ቀናት።

«እሁድ ሽማግሌ እንልካለን፤ አንተ ካልሄድክ አይሆንም» አለችው።

«ያለፈው የሄዱት ምን ሆኑ?»

«አባትየው መለሷቸው። ልጄ ገና ናት ብለው። የሠላሳ ዓመት ልጅ!»

«ታዲያ እኔን ሲያዩ ነው የምትደርስላቸው?»

«በስምህ ጠርተው ነው የፈለጉህ። ሉሊ ናት የነገረችን። የልጁ አጎት ደላላው ተከስተ ነው ስትላቸው፣ ‹የካዛንቺሱ ተከስተ? የኔ ተከስተ? እሱ ይምጣና ያን ጊዜ እንነጋገራለን› አሉ።»

«ማን ይባላሉ?»

«አቶ አባዲ። ቡልጋሪያ ጋ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት።»

ተከስተ የሚያውቃቸውን አባዲዎች በሙሉ በሐሳቡ አሰለፋቸው። አንዱ የድሮ ተከራይ ነው፤ አንዱ ሞቷል። መለዋወጫ የሚሸጥ አልነበረበትም።

«አላውቃቸውም» አለ።

«እሳቸው ያውቁሃል።» ጽገረዳ በሩን ገርበብ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተኬ፣ ወንድሜ… እሳቸው የሚያውቁህ ያኔ እንደነበርከው ነው። ማለቴ፣ ተጫዋቹን። አሁን ደግሞ አንተ… በቃ ጨው አልባ ሆነሃል፤ እውነቱን ልንገርህ። እና ለእሁድ ብቻ ሁለት መለኪያ ብትል? ሰኞ ትመለሳለህ።»

ተከስተ ጆሮውን ማመን አቃተው። ይህቺ ሴት እኮ እሱ መጠጥ እንዲተው ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ የተሳለች ናት።

«ስለቱስ?» አላት።

«ጃንጥላው አንዴ ገብቷል» አለች ጽገረዳ። «መልሱልኝ አልልም።»

እሷ ከሄደች በኋላ ዘአማኑኤል ደወለ። ስለ አየሩ ጠየቀ፣ ስለ መብራቱ ጠየቀ፣ ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሼ፣ አይዞህ፣ አትጨነቅ። ራስህን ሆነህ ሂድ በቃ።»

«የትኛውን ራሴን?»

«ማለቴ… ያው… ትንሽ ፈታ ያለውን» አለ ልጁ።

ተከስተ ሁለት መለኪያ ለእሱ ሁለት መለኪያ ሆኖ እንደማያውቅ ከማንም በላይ ያውቃል። ከቀመሰ ያ ሰውዬ ተመልሶ ይገባል፤ የሚያስወጣው ጉልበት ደግሞ ሁለተኛ ላይገኝ ነው። ካልቀመሰ ዘአማኑኤል ሉሊን ያጣል፤ ልጁ ደግሞ ስትደውልለት እንኳን ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ ነው የሚያናግራት። አንድ ነገር ብቻ አጽናናው። የሽምግልና ወግ! ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ «እሺ» ሳይባል ውሃ እንኳን አይቀምስም። ስለዚህ ገብቶ ቆሞ ይናገራል፤ እሺ ሲሉት ጨጓራዬን ይላል፤ ሹልክ ብሎ ይወጣል። ሕይወቱን ሙሉ ወግ የሚባል ነገር እንዲህ ወዶ አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ጥቁር ክራቫት አስሮ ወጣ። ጽገረዳ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ፍርድ ቤት ነው እንዴ የተጠራኸው?» አለች። አብረውት የሚሄዱት ሁለት ናቸው። አንዱ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ነገሪ፣ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ንግግር የሚወዱ ሰው። ሌላው ጋሽ ሱሩር፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ እንኳን አረቄ ጠላ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሙስሊም ጎረቤት። ታክሲ ውስጥ ጋሽ ነገሪ ከኮታቸው ኪስ የሃይላንድ ጠርሙስ ብቅ አደረጉ። ውሃ ይመስላል፤ ክዳኑ ላላ ሲል ግን ሹፌሩ ዞሮ አያቸው።

«ድንገት ካስፈለገ ብዬ ነው» አሉ ወደ ተከስተ ጠጋ ብለው። «ለልጁ ስትል። እኔ አላስገድድህም።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ጋሽ ሱሩር። «እኔ ስልሳ ዓመቴን ሙሉ አልጠጣሁም፤ አንድ ሰው እንኳን ጎሽ ብሎኝ አያውቅም። ይሄ ከፋሲካ ወዲህ አቆመና አገር ተሸበረ!»

ቡልጋሪያ ወርደው የአቶ አባዲን ግቢ ሲያንኳኩ በሩን ራሳቸው አቶ አባዲ ከፈቱ። በሩን የሚሞሉ ግዙፍ ሰው ናቸው። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ተሰልፈው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። አቶ አባዲ ሁለቱን አልፈው ተከስተን ብብቱ ሥር ይዘው ከመሬት አነሱት።

«ተከስተ! የኔ ጌታ! ምነው እንዲህ ትጠፋለህ?»

«እንደምን አደሩ?» አለ ተከስተ አየር ላይ ሆኖ።

«አንቱ አለኝ! ሰማችሁ? ቀልዱ ዛሬም አልለቀቀውም!» አሉና እያስካኩ እንደተሸከሙት ሳሎን አስገቡት።

ጋሽ ነገሪ ሳሎኑ መሐል ቆመው ሌሊቱን ሲያጠኑት ያደሩትን ጀመሩ። «እንግዲህ፣ አባቶቻችን ባቆዩን ወግ መሠረት፣ ከመቀመጣችን በፊት የመጣንበትን ጉዳይ…»

«ይቆይ ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ይደርሳል።»

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም፤ አንቀምስም» አለ ተከስተ ፈጥኖ። ከዚያ ወግ ሌላ የሚይዘው ነገር አልነበረውም።

«ወግ ለባዕድ ነው!» አሉ አቶ አባዲ። «አንተ ወንድሜ አይደለህ? ወንድም ነው በኔ ቤት ቆሞ የሚናገር?» ትከሻውን ይዘው ሶፋው ላይ ጫኑት፤ ሌሎቹም ተቀመጡ። ከቁም ሳጥን አንድ ጠርሙስ ወጣ። የአገር ቤት አረቄ ነው፤ ገና ሲቀዳ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ለጋሽ ሱሩር ሚሪንዳ ተከፈተ። ተከስተ እጅ ላይ ሙሉ መለኪያ ተቀመጠ።

አቶ አባዲ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው በፍቅር ዓይን አዩት። «ያኔ ካዛንቺስ ሳለን በወንድሜ ለቅሶ፣ ድንኳኑ ውስጥ አብረን እንዴት እንዳለቀስን! ከዚያ ወዲህ እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም። ልጄ አንዲት ናት። ልቡ ክፍት ለሆነ ቤተሰብ እሰጣታለሁ፤ ለደረቅ ግን አልሰጥም። ያለፈው የመጡት ሽማግሌዎች እንደ ባንክ ቤት ሰው ሲያወሩ ቆይተው ሄዱ። እስቲ አንተ ያችን ጠጣና እንደዚያን ጊዜው አናግረኝ፤ ነገሩ ዛሬውኑ ያልቃል።»

የጋሽ ነገሪ ጫማ የተከስተን ጫማ በቀስታ ረገጠው። መለኪያው አፍንጫው ሥር ነው። ምራቁ ሞላ፤ ጣቶቹ ብርጭቆዋን ከእሱ ቀድመው ያወቋት ይመስላሉ። ሳይጠጡ ማስመሰልም ይቻል ነበር፤ «እንዴት ይረሳል!» ብሎ ራሱን ነቅንቆ፣ ዓይኑን ጠረግ ጠረግ አድርጎ። ደላላ ነው፤ ያላየውን ቤት አሞግሶ አከራይቶ ያውቃል። ግን እኚህ ሰው ወንድማቸውን ነው ያነሱት። ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አቶ አባዲ፣ እኔ አላስታውስዎትም» አለ።

አቶ አባዲ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ለቅሶውንም አላስታውስም፤ ወንድምዎንም አላውቃቸውም። ሰክሬ ነበር። ዛሬ ስሜን ባይጠሩ ኖሮ መንገድ ላይ ገፍቼዎት ባልፍ እንኳን ባላወቅኩዎት ነበር። አሁን መጠጥ ትቻለሁ። ያ የሚፈልጉት ሰውዬ የለም። የቀረው ይሄ ነው» አለና በግራጫ ሱፉ ላይ እጁን ከላይ እስከ ታች አሳለፈ።

ጋሽ ነገሪ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥለውም የሃይላንዱን ጠርሙስ አውጥተው እሳቸው ራሳቸው ተጎነጩ፤ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀምስም የሚለው ነገር ያን ሰዓት ትዝ አላላቸውም።

አቶ አባዲ ቀስ ብለው ተነሱ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «አብረን አለቀስን እኮ! እጅ ለእጅ ተያይዘን ቃል ተገባብተናል እኮ!»

«ምን ብለን?» አለ ተከስተ። ሊከራከራቸው አይደለም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው።

አቶ አባዲ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። «እ… ያው፣ ወንድምነት… እስከ ዕለተ ሞት… ብዙ ነገር ነው እኮ!»

ከጓዳው በር በኩል ሳቅ ተሰማ። የአቶ አባዲ ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ ዳቦ የያዘ ሳፋ እንደታቀፉ ቆመዋል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ የሚያውቅ የለም።

«ንገረው እንጂ! ምን ብላችሁ ነበር?» አሉ ባላቸውን።

«አንቺ ደግሞ አርፈሽ…»

«እሱም አያስታውስም» አሉ ወይዘሮ የሻረግ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «ሁለቱንም ከድንኳኑ ተሸክመን ያወጣናቸው እኛ ነን። አንድ ፍራሽ ላይ ነው ያጋደምናቸው። ስለዚያ ቀን የሚያወራው ሁሉ ከእኔ የሰማውን ነው፤ በየዓመቱም ይጨምርበታል።»

ጋሽ ሱሩር ሲስቁ ሚሪንዳው በአፍንጫቸው ወጣ። አቶ አባዲ ያን ግዙፍ ገላቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

ወይዘሮ የሻረግ ሳፋውን አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ሳቁም ከፊታቸው ጠፋ። «ያን ለቅሶ በሙሉ ልቧ ያየች እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ምን አየሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አሉ። «ወንድሙ በድንገት ነው የሞተበት። ይሄ ሰውዬ እንባ የለ፣ ቃል የለ፣ እህል የለ፤ ድንጋይ ሆነብን። ቄሱም ዘመዱም ተራ በተራ ‹ቻለው፣ ጠንክር፣ ወንድ አይደለህ› ይሉታል። እሱ ጭራሽ አይሰማም። ሊያብድብኝ ነው ብዬ ነበር። ከዚያ እርስዎ ገቡ፤ የማን ለቅሶ እንደሆነ እንኳን የሚያውቁ አይመስለኝም። እንደኔ እንደኔ ጠላ ፍለጋ ነው የገቡት።»

«ይሆናል» አለ ተከስተ።

«መጥተው አጠገቡ ቁጭ አሉ። እጁን ያዙና ‹ወንድሜ፣ ይሄማ የሚቻል አይደለም፤ አትቻለው› አሉት። ይቺኑ ብቻ። እንደ ሕፃን ልጅ ሆኖ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለታችሁም ጠርሙሱ ላይ የወደቃችሁት። ጠዋት ላመሰግንዎ ስነሳ ሄደዋል፤ ስምዎን እንኳን ከጎረቤት ነው የሰማነው።»

ተከስተ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ደስ ግን አላለውም፤ ቀና። በዚያ በሚፈራው፣ በየሄደበት ባሳፈረው ሰውዬ ቀና። በዕድሜው ከሠራው ሁሉ የሚበልጠውን ደግ ሥራ የሠራው እሱ ነው፤ ተከስተ ግን እዚያ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቃል ዛሬ ቢፈልግ ከአፉ ይወጣል? ወይስ ጽገረዳ እንዳለችው ጨው አልባ ሆኖ ቀርቷል? ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው መለኪያ ሄደ። እስካሁን ያስጎመጀችው ለምላሱ ነበር፤ አሁን ግን ያ ደግ ሰውዬ እዚያች ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው መሰለው። ይህችኛዋ ፈተና ትከብዳለች።

ከዚያ ቀና ብሎ አቶ አባዲን አያቸው። አንገታቸውን ደፍተው መዳፋቸውን ያሻሻሉ፤ ያ ሁሉ ግዝፈታቸው የት እንደገባ እንጃ። ተከስተ ከቦታው ተነስቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ወንድምህ ማን ይባል ነበር?» አለ።

አንተ ማለቱን ማንም ልብ አላለውም፤ ራሱም ጭምር።

«ፀሃዬ» አሉ አቶ አባዲ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«እሱ? እሱማ…» አሉና ቀና ብለው አዩት። «ለቅሶው ላይ እንኳን ይሄን የጠየቀኝ የለም።»

«ንገረኝ። ጊዜ አለኝ።»

ጋሽ ነገሪ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ይቅርታ፣ የመጣንበት ጉዳይስ እንዴት…»

«ልጅቷን ሰጥተናል» አሉ ወይዘሮ የሻረግ ዞር ሳይሉ። «አሁን ዝም ብለው ያዳምጡ።»

አቶ አባዲም ጀመሩ። ፀሃዬ ልጅ ሳለ ዋና ሳይችል ወንዝ መግባቱን፣ ሰው ሲያወጣው «ልደግም ነው» ማለቱን፣ ቤት ውስጥ የተኛ ካለ በእግሩ ጣት መራመዱን፣ አንድ ጊዜ ተጣልተው ዓመት መኮራረፋቸውን፣ ለመታረቅ ቀድሞ የመጣው ታናሹ ፀሃዬ መሆኑን ነገሩት። ክፍሉ ውስጥ አንድም የሚጠጣ ሰው አልነበረም፤ ጋሽ ነገሪም ጠርሙሳቸውን ረስተውታል። ተከስተ የአባዲን እጅ ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ የሚያጽናና ቃል ፈልጎ አጣ። አለቀሰ ግን። በዕድሜው በለቅሶ ቤት እንባው ስንት ጊዜ ፈስሷል። ለማን እንደሚያለቅስ ሲያውቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር።